እዚያ እየጠራ እዚህ የማይሰማ ስልክ

ይድረስ ለክቡር የስልክ አገልግሎት ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ እንደምን ሰንብተዋል? ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጉልበትዎን ያጽናው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቤትዎን መብራት ለአፍታ እንኳ አያጥፋብዎ እያልኩ፣ እኔም ለእሱ ምስጋና ይግባውና ደኅና መሆኔን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። ይህን በስልክ ልነግርዎ አስቤ ነበር፤ በወረቀት ለምን እንደሆነ ወደ ታች ሲወርዱ ይረዱልኛል። ደብዳቤውን ለሰው ሁሉ ግልጽ አድርጌ መጻፌም እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ አሽጌ ብልከው እንደ ስልክ ቁጥሬ በመንገድ ላይ «ይፈልሳል» ብዬ ሰግቼ ነው።

እኔ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሠራው በቤቴ የፊት ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ የስፌት መኪናዬ በእግር የምትረገጥ ስለሆነች መብራት ኖረ አልኖረ ደንታ የላትም። ከእሷ በስተቀኝ፣ እጄን ዘርግቼ በምደርስበት መደርደሪያ ላይ፣ የቤት ስልካችን ተቀምጦ ኖሯል። ትምህርቴ ብዙ ስላልሆነ፣ ያልገባኝን ነገር በተራ ቁጥር እየለየሁ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ. ስለ ፍልሰቱ። ከድርጅትዎ አንዲት ማር የመሰለ ድምፅ ያላት ልጅ ደውላ «እንኳን ደስ አለዎት አባቴ፣ ቁጥርዎ ወደ ኢንተርኔት ስልክ በሰላም ፈልሷል» አለችኝ። ለመልካም ምኞቷ አመሰግናለሁ። ነገር ግን «ፈለሰ» የሚለውን ቃል እኔ የማውቀው የሞተ ሰው አጽም ከመቃብሩ ወጥቶ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ነው፤ ለእሱም ቢሆን ቤተ ዘመድ ይጠየቃል። እኔ ግን የተነገረኝ አጽሙ ከተነሣ በኋላ ነው። «ታዲያ አሁን የት ነው ያለው?» ብላት «ደመና ላይ ነው አባቴ» አለች። ስልኩን አስቀምጬ ወደ ደጅ ወጥቼ ሽቅብ አየሁ፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ተመልሼ «ልጄ፣ ዛሬ እኮ ደመና የለም» ስላት ከልቧ ሳቀች፤ የእሷን ሳቅ ሰምቼ እኔም ሳቅኩ። በዚህ ጉዳይ ለመጨረሻ ጊዜ የሳቅኩት ያን ዕለት ነው።

፪ኛ. ስለ ሣጥኑ። ቀጥሎ አንድ ትሑት ባለሙያ ላኩልኝ። የድሮውን ሽቦ ከግድግዳው ሥር በጉጠት ቀጨም አድርጎ ቆረጠውና አረንጓዴ ዓይኖች ያሉት ጥቁር ሣጥን ተከለልኝ። «ሽቦውን ለምን ትቆርጠዋለህ?» ስለው «አባባ፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግልዎታል?» አለኝ። ምንም የማያደርገውን ሽቦ ግን እንደ ወርቅ ሰንሰለት በጥንቃቄ ጠቅልሎ በቦርሳው ይዞት ሄደ። ወዴት እንደወሰደው አልጠየቅኩም፤ አሁንም አልጠይቅም፤ አለመጠየቄ እንዲታወቅልኝ ብቻ ነው የጻፍኩት።

ሣጥኑ ቀንም ሌትም ዓይኑን ያርገበግባል። ለጸሎት ስቆም በተለይ ይብስበታል። እኔ ለፈጣሪዬ የምነግረው ገመና አለኝ፤ ሣጥኑ ደግሞ ደመና ላይ ካለ ቤት ጋር ይነጋገራል ተብያለሁ፤ ስለዚህ የተረፈ የሱሪ ጨርቅ ጣል አደረግኩበት። ባለሙያው በሌላ ቀን መጥቶ ሲያይ ደንግጦ «ኧረ አባባ፣ እንዳይሸፍኑት፣ ይታፈናል!» አለኝ። የሚተነፍስ መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። የሚተነፍስ ነገር ደግሞ ይሰማል። ሰውን ያለ ማስረጃ መጠርጠር ኃጢአት መሆኑን ስለማውቅ ነፍሴን መረመርኩ፤ ሣጥንን መጠርጠር ግን ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም። ለጊዜው ጓዳ ገብቼ መጸለይ ጀምሬያለሁ። በዚህ ምክንያት የጸሎት ቦታዬን ጸጥ ወዳለ ክፍል ስላዛወሩልኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፫ኛ. ስለ «አለሁ»። ይህን ለማስረዳት የቤቴን ነገር ማንሣት ግድ ሆኖብኛል፤ ይታገሡኝ። የሟች ባለቤቴ ታላቅ እህት፣ እኛ እትዬ የምንላት፣ እሷም እህቷን ስላገባሁ ዋርሳ የምትለኝ፣ ራቅ ብሎ ካለ ሰፈር ብቻዋን ትኖራለች። ልጅ አልወለደችም፤ ዓይኗም ደክሟል። በቃሏ የምታውቀው የስልክ ቁጥር የእኛን ብቻ ነው፤ እሱንም የምትደውለው ዓይኗ አይቶ ሳይሆን ጣቷ ለምዶ ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ሁለቱ እህትማማቾች አንድ ነገር ተስማሙ። እትዬ በየማለዳው እንደነቃች ትደውልና አንድ ጊዜ ሲጠራ ትዘጋዋለች፤ ስልኩም አይነሣም። ያቺ አንዲት ጥሪ በቤታችን ስም ወጣላት፤ «አለሁ» ተባለች። ባለቤቴ ከጓዳ «አለሁ መጣች?» ትላለች፣ እኔ «መጣች» እላለሁ፣ ቁርስ ይቀርባል። ጥሪው ሳይዘጋ ከቀጠለ ግን «ድረሱልኝ» ማለት ነው።

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ፣ እትዬ ከሐዘኑ ወደ ቤቷ በተመለሰች ማግሥት፣ «ከእንግዲህስ ለማን ብላ ትደውላለች?» ብዬ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኩ አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም አለ። ለእህቷ ትለው የነበረውን ማንም ሳይለምናት ለእኔ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቀኔ የሚጀምረው በዚያች ድምፅ ነው፤ ከጸሎቴ ቀጥሎ ማለቴ ነው፤ እውነቱን ልናገርና አንዳንድ ቀን ከጸሎቴም ትቀድም ነበር።

አዲሱ ስልክዎ በገባ ማግሥት «አለሁ» አልመጣችም። ፀሐይ ወጣች፣ ሞቀች፣ አልመጣችም። የልብስ ሜትሬን ከአንገቴ ሳላወርድ፣ ሰው ሰላም ሲለኝ ሳልመልስ፣ እየሮጥኩ ቤቷ ደረስኩ። እትዬ ደጇን ትጠርጋለች። ቀና ብላ አየችኝና «አንተ ዋርሳ፣ ምን ሆነሃል? ሜትር አንጠልጥለህ ልትለካኝ ነው የመጣኸው? ለሣጥን ከሆነ እኔ ገና ነኝ!» አለችኝ። «አልደወልሽም እኮ» ስላት «ደወልኩ እንጂ! በገዛ ጆሮዬ ጠርቶ ነው የዘጋሁት!» ብላ ማለች። እኔም አልጠራም ብዬ ማልኩ። ሁለት ሽማግሎች በጠዋት አንድን ነገር ጠርቷል፣ አልጠራም እያልን በፈጣሪ ስም ተማማልን፤ ሁለታችንም እውነታችንን ነበር።

ባለሙያዎ ያብራራልኝ እንዲህ ነው። ሣጥኑ የመጣለትን ጥሪ እስኪቀበል ጥቂት ያመነታል፤ የመጀመሪያዋ ጥሪ በዚያ መካከል ትቀራለች። እትዬ በጆሮዋ የምትሰማው ድምፅ ከእኔ ቤት የሚመጣ ሳይሆን ጥሪ የሚያገናኘው የስልክ ማዕከልዎ ራሱ የሚያሰማት ነው። «ደዋዩ እንዳይሰለቸው ብለን ነው አባባ» አለኝ። ለደዋይ ስሜት ይህን ያህል መጨነቃችሁ አስገርሞኛል። ከዚያ በኋላ እትዬ «እንግዲህ የአንተ ስልክ ከእኔ ይበልጥ ካረጀ ምን ይደረጋል» ብላ «አለሁ»ን ትንሽ ልታስረዝማት ተስማማች።

፬ኛ. ስለ ሐሰት ምስክርነት። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ቢረሱት አልቀየምም፤ ይህን ግን እባክዎ ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ሣጥኑ ዓይኖቹን ጨፈነ። እኔም በመኪናዬ ላይ ሆኜ፣ የሙሽራ ኮት እጅጌ እየገጠምኩ፣ ዛሬስ ከማንም ዓይን ነፃ ወጣሁ ብዬ በሆዴ ደስ አለኝ፤ እንዲያውም ትንሽ አንጎራጎርኩ። በዚያው ሰዓት እትዬ መጋረጃ ልትሰቅል በርጩማ ላይ ወጥታ ወድቃ፣ አንድ እጇ ከአንጓው ተሰብሮ፣ በሌላው ገና ያልፈለሰ ስልኳን በገመዱ ስባ ወደ ወለሉ አውርዳ ትደውል ነበር። ጣቷ ወደምታውቀው ቁጥር ነበር የምትደውለው። ማዕከልዎም ደዋይ እንዳይሰለች አሰበላትና እየደጋገመ ጠራላት። የእኔ ስልክ ከእጄ በማይርቅ መደርደሪያ ላይ እንደ ድንጋይ ዝም ብሏል፤ ለእሷ ግን ይጠራል። መልሳ ደወለች፤ ይጠራል። ማምሻውን ጎረቤቷ አጣቢዋ ልብስ ልታደርስ መጥታ ባታገኛት ኖሮ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሌላ ቀለም ነበር።

«ጠፍቷል» የሚል ድምፅ ቢሰማ እትዬ ወዲያው ጮኻ ጎረቤት ትጠራ ነበር። «ይጠራል፣ አሁን ያነሣዋል» እያለች ግን ወለሉ ላይ ጠበቀችኝ። ሐኪም ቤት ስደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ስሰማው እኮ ይጠራል። አንተ እዚያው መኪናህ ላይ ቁጭ ብለህ እንደሆነ መቼ ይጠፋኛል? እህቴ ስትቀበር ዝምድናችንም አብሮ ተቀብሯል ማለት ነዋ። እንዲያ ከሆነ ንገረኝ፣ ጣቴን አላደክምም» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ እሷ የከሰሰችው እርስዎን አይደለም፤ እኔን ነው። ምስክሯ ደግሞ የእርስዎ ማዕከል ነው። አልሰማሁም ብዬ ብምል መሐላዬን ማን ያምናል? በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ እኔ በልጅነቴ የተማርኩት ለሰው ነው ብዬ ነበር፤ ለማሽንም ይሠራ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። ራሴንም ደጋግሜ መረመርኩ፤ የሚያንገበግበኝ የድርጅትዎ ጥፋት ብቻ አለመሆኑን አገኘሁ። እሷ ወድቃ ስትጠራኝ እኔ አንጎራጉር ነበር፤ ያቺ እንጉርጉሮዬ ከጉሮሮዬ አልወርድ ብላለች።

ቅሬታዬን ለማሰማት ወደ ድርጅትዎ የመረጃ ክፍል ስሄድ መስኮት ላይ የተቀመጠው ጨዋ ልጅ «ስልክዎ ካልሠራ በስልክ ደውለው ያስመዝግቡ» ብሎ አስተናግዶኛል። ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ።

፭ኛ ብዬ የምጽፈው ነበረኝ፤ ስለ ሣጥኑ ጆሮ ነበር፤ ከአራተኛው በኋላ ግን ቀለለብኝ።

አሁን የእርስዎ ድርጅት በሽቦ ይሠራው የነበረውን ሥራ እኔ በእግሬ እሠራዋለሁ። በየማለዳው ወደ እትዬ ቤት ሄጄ በሩን አንድ ጊዜ አንኳኳለሁ። ከውስጥ «አለሁ» ትላለች። በሩን አትከፍትልኝም። «አለሁ»ዋን የምትለው ለበሩ እንጂ ለእኔ አይመስለኝም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ሽቦዬ ይመለስልኝ። ሽቦው ከሄደበት መመለስ የማይችል ከሆነ፣ ስልኬ በማይጮኽበት ሰዓት ማዕከልዎ «እየጠራ ነው» ብሎ መዋሸቱን ይተው። ይህም ከከበደ፣ ከሠራተኞችዎ አንዱን ወደ እትዬ ልከው «የዚያን ዕለት ስልኩ እሱ ዘንድ አልጮኸም» ብሎ በበሩ ቀዳዳም ቢሆን ይንገርልኝ። ከእኔ ይልቅ እናንተን ታምናለች፤ እስከ ዛሬም ያመነችው እናንተን ነው።

ስላሻሻሉልኝ ኑሮ፣ ስላስለመዱኝ የማለዳ የእግር ጉዞ፣ እንዲሁም በስተርጅና የጥርጣሬን ትምህርት ስላስተማሩኝ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

ሁልጊዜ አክባሪዎ፣
መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ የሚጠፋው ደንበኛዎ፣
ልብስ ሰፊው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለአደባባይ ከመስጠቴ በፊት አንድ ቅጂ በእጄ ላደርስልዎ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ነበር። እንደ አጋጣሚ መብራት ጠፍቶ ስለነበር በደረጃ ወጣሁ። እርስዎ አልነበሩም። ጸሐፊዎ በጨለማው ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ሳለች ከጠረጴዛዋ ጥግ አንድ አሮጌ ጥቁር ስልክ ቂርርር ብሎ ጮኸ፤ አንሥታም አነጋገረች። ሽቦውን በዓይኔ ተከትዬ ግድግዳው ውስጥ ሲገባ አየሁት። እየተመለከትኩ መሆኔን አይታ «እሱ የዋና ሥራ አስኪያጁ ነው አባባ፣ እሱ አይፈልስም» አለችኝ። ቁጥሩ ከላዩ ተለጥፎ ነበር፤ የመርፌ ቀዳዳ የሚያይ ዓይን ስላለኝ በቀላሉ አነበብኩት።

ከዚያ በቀጥታ ወደ እትዬ ሄጄ፣ በተዘጋው በር በኩል ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። በኋላ ከውስጥ ሳቅ ሰማሁ፤ መቀርቀሪያው ተሳበ። እጇ በጄሶ እንደታሰረ ብቅ ብላ «ግባ፣ አንተ ዋርሳ። አዲሱን ስልክ ራሳቸው ካላመኑትማ አንተ አልሰማህም ማለት ነው። በል ቁጥሩን ንገረኝ፣ ጣቴን ላስተምራት» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ስታስተምራት ዋለች።

ስለዚህ ከነገ ማለዳ ጀምሮ ያ ጥቁር ስልክዎ አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም ይላል። እባክዎ አያንሡት፤ «አለሁ» ማለት ነው። ያልጮኸ ዕለት ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ሜትርዎን ከአንገትዎ ሳያወርዱ ይሩጡ።