በነጃት ደም ውስጥ የተገኘው እርሳስ

አባ ነጃት፣

አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ሮቤ እንዳለች ናት፤ ብርዱም፣ ጎባ ጎባ እያሉ የሚጣሩት የሚኒባስ ረዳቶችም። የተለወጠው የእኛ ቤት ነው።

ልጃችን ፊደል አልያዝ ብሏት ከረመ። ሆዷን ይቆርጣታል፤ ጠዋት ያጠናችውን ማታ ትረሳዋለች። ጎባ ወስጄ አስመረመርኳት። ደሟ አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ እርሳስ ተገኝቶባታል አለኝ። የእኔን ነገር ታውቀው የለ! ቤት ስንገባ ቦርሳዋን ዘርግፌ የምትጽፍባቸውን እርሳሶች በሙሉ ወሰድኩባት። እያኘከች ትውጣለች ብዬ ገረፍኳትም። ወላሂ አልበላሁም እያለች አለቀሰች።

እውነቷን ነበር። በቀጠሯችን ስንመለስ ሐኪሙ የአባቷን ሥራ ጠየቀኝ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግን ነበር፣ ያረጀ የሶላርና የመኪና ባትሪም እየሰበረ ጓሮ ያቀልጥ ነበር አልኩት። «እኔም ያልኩት እሱን፣ ከባትሪው የሚቀልጠውን እርሳስ ነው» አለኝ።

የአንተን ኩላሊት የደጋው ብርድ ነው የጎዳው ስንል ነበር። አሁን ምን እንደምል አላውቅም፤ ሐኪሙም አልቆረጠልኝም። ያ ጭስ ግን ያኔም ምላስ ላይ ሳንቲም ሳንቲም ይል ነበር። ነጃትንም የምታጎርሳት ባትሪ በሰበርክበት በዚያው እጅህ ነበር። ይህን ሳስብ እናደድብሃለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ትናፍቀኛለህ።

የሚጣል ነገር አልነበረህም። የሞተ ቴሌቪዥን፣ የተሰበረ ሞባይል፣ ያበጠ ባትሪ ሁሉ ጓሮ ይከመራል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያልኩ ስቀልድብህ ትስቅ ነበር። እርሳስም ደም ከገባ ቶሎ አይለቅም አሉኝ።

ክምርህን ቆራሌው ሊገዛኝ መጥቶ ነበር። ምን ታደርገዋለህ ስለው እቤቴ አቀልጠዋለሁ አለኝ። እሱም ትንንሽ ልጆች አሉት። እምቢ አልኩት፣ ተቀያየምን። የት እንደሚጣል የሚነግረኝ ሰውም አጣሁ። ሸራ አልብሼዋለሁ፤ ዝናቡ ግን በሥሩ እየገባ ወደ ነጭ ሽንኩርቱ መደብ ይወርዳል። ነገ ቤቱን ቆልፌ ነጃትን ይዤ ጎባ እህቴ ዘንድ እገባለሁ። ከዚህ ግቢ አርቂያት ተብያለሁ።

ትናንት ልብሷን ሳጥፍ ድምፅህ እንዴት እንደነበር ጠየቀችኝ። ረስታዋለች። ልጅነቷ ይሁን እርሳሱ፣ እሱን አላህ ያውቃል። አንተ ግን እንዳይከፋህ፤ የእሷንም ድርሻ ጨምሬ እኔ አስታውስሃለሁ።

ፋጡማህ