ያጠረው ክንድ

ለታናሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ፣ ባለቤትሽስ ደህና ናቸው? እኔም ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ለአንቺ ቀዳዳ ያለበትን ጨርቅ አጥፌ ሸጬልሽ አላውቅም።

ጨርቅ የምለካው ከአፍንጫዬ እስከ ጣቴ ጫፍ ዘርግቼ እንደሆነ ታውቂያለሽ። የእሷ ክንድ ከብረት ሜትር አይጎድልም ይባልልኝ ነበር። ባለፈው ወር ያ ተረበኛ ልብስ ሰፊ፣ ከእኔ የገዛውን የመጋረጃ ጨርቅ ተሸክሞ መጣና፣ እትዬ፣ ያጠረው ክንድሽ ነው ወይስ ሕሊናሽ ብሎ ሰው ፊት ጠየቀኝ። ገበያተኛው ሳቀ። በሜትር ብለካው እውነቱን ነው፤ በየሜትሩ አራት ጣት ጎድሏል። በዚያው ሳምንት ሁለት ሴቶችም የገዙትን ጨርቅ መለሱልኝ። አንድን ዕቃ ሦስት ሰው ከመለሰው ጥፋቱ የገዢ አይደለም። ክንዴ እስከ ጫፉ አልዘረጋ ብሎኛል፤ እኔ ግን የዘረጋሁ ይመስለኝ ነበር።

የቀን ማስታወሻዬን ወደ ኋላ ገለጥኩ። "ደከመኝ" የሚለው ቃል መጀመሪያ የተጻፈው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ከዚያ በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየቀኑ። ዘንድሮ መጻፉንም ትቼዋለሁ፤ ፀሐይ ወጣች ብሎ ማን ይጽፋል?

ማስታወሻውን ይዤ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። እናትሽ በምን ሞተች አለኝ። በድካም አልኩት። አልሳቀም። ከምርመራው በኋላ፣ ኩላሊት ነው፣ ይህኛው በዘር ይሄዳል አለኝ። እናታችን ልብስ እያጠበች ሦስቴ ዱካዋ ላይ አረፍ ስትል "እሜቴ ዱካ" እያልን እንስቅባት አልነበር? ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

አንቺም ባለፈው ደብዳቤሽ፣ ደረጃ ስወጣ መሃል ላይ እቀመጣለሁ፣ ስንፍና ይዞኛል መሰለኝ ብለሻል። ያንን መስመር አራት ጊዜ አነበብኩት። ስንፍና አይደለም። ነገ ዛሬ ሳትዪ ተመርመሪ። በጊዜ የደረሰ ሰው ብዙ ዓመት ይኖራል ብሎኛል ሐኪሙ። እኔስ መቼ መምጣት ነበረብኝ ብዬ ብጠይቀው፣ ማስታወሻዬን ገልጦ የመጀመሪያውን "ደከመኝ" በጣቱ ነካው።

መቀሴን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ስለቱ ገና አልዶለዶመም፤ እኔ ዘንድ ከሚዝግ አንቺ ዘንድ ይሥራ። ውጤትሽን ቶሎ ጻፊልኝ፤ ቶሎ ያልኩሽ ለወግ አይደለም።

እግዜር ክንድሽን እስከ ጫፉ ይዘርጋልሽ።

ታላቅሽ