የሮሆቦት የንባብ መጽሐፍ

አብርሆት፣

ሳላናግርሽ የወጣሁት ሥራ ስለረፈደብኝ ብቻ አይደለም።

ሮሆቦት ስትነሳ እንቁላሉን አሙቂላት። ሒሳቡን ካቆማችሁበት ቀጥሉ። የሦስተኛ ክፍሉን የንባብ መጽሐፍ ግን አትፈልጊው፤ መኪናዬ ውስጥ ነው፣ ለገዛሁበት ሱቅ ሪተርን አደርገዋለሁ።

ልጄን ከትምህርት ቤት ካስወጣናት ጀምሮ አክስቷም አስተማሪዋም አንቺ ነሽ። ማንበብ እንደከበዳት ቀድመሽ ብታውቂ አይገርመኝም። ነግሬሽ ነበር ትይኛለሽ። እሺ፣ ነግረሽኛል። ሦስተኛ ክፍል ካልሆነ ብዬ ድርቅ ያልኩት እኔ ነኝ።

ግን ትላንት ቸርች፣ የእህቶች ጸሎት ላይ፣ ስሟን ጠርተሽ «ማንበብ አቅቷታል፣ ጸልዩላት» ማለት ምን የሚሉት ነው? እዚያው ቁጭ ብላ እየሰማች? ሁሉም ተነስተው እጃቸውን ጫኑባት።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «ማሚ፣ ሲክ ነኝ እንዴ? ታምሜ ነው?» አለችኝ።



ጠረጴዛው ላይ ያለው የአንደኛ ክፍሉ መጽሐፍ ነው፣ አንቺ ግዢ ያልሽኝ። ሮሆቦት የስንተኛ ክፍል እንደሆነ እንዳታይ፣ ልጆች ሆነን ደብተር እንደምንለብደው በካላንደር ወረቀት ለብጄዋለሁ። ቴፑን እንዳትነካው ጠብቂልኝ። ከጠየቀችሽ አዲስ መጽሐፍ ነው በያት፤ ውሸት አይደለም።

ጸሎቱንም አታቁሚ።

ስም መጥራት ካለብሽ ግን የእኔን ጥሪ።

ፅጌ