ወይዘሮ ጣሳ

ሐምሌ 4
ዝናብ፣ አሥራ ሁለት ሚሊሜትር። መለኪያውን ደፋሁ፣ ቅጹን ሞላሁ። ግርጌው ላይ «ስልክ ይሠራል?» የምትል መስመር አለች። ይሠራል አልኩ። ለማን ሊደወል እንደሆነ እንጃ...

ታናሽ እህቴ ደወለች። ባሏ ከኋላ፣ «ወይዘሮ ጣሳ ደህና ናት?» ይላል። ተራራ ላይ ተቀምጬ ውኃ በጣሳ ስለምለካ ነው አሉ። ጋራዡን ደረቅ ወንዝ ውስጥ የተከለ ሰው በኔ ይስቃል። «ወንዙ ከሞተ ስንት ዓመቱ!» ይለኛል። ቀብሩ ላይ ቆሞ ነበር?

ሐምሌ 9
እዚህ ዶፍ ወረደ። ጎርፉ እነሱ ጋ ለመድረስ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ደወልኩና «መኪኖቹን አውጣ» አልኩት። አወጣ። ጎርፉን መንገድ ላይ አሸዋ ጠጣው።

አሥር ሰዓት ላይ ደወለ። «ስድስት መኪና አስገፍተሽ የሰፈር መሳቂያ አደረግሽኝ። ሁለተኛ እንዳትደውዪ።»

እሺ ጌታው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው።

ሐምሌ 10
ዝናብ የለም። ንዴቴ ግን አልበረደም።

ሐምሌ 16
ልክ ስድስት ከአሥር በረዶ ጀመረ። ጣሪያው ሊበሳ ነበር። ሸለቆው ነጣ፣ ከዚያ ውኃው እያጓራ ወደ ሜዳው ወረደ። ስልኩን አነሳሁ... እንዳትደውዪ ብሎ የለ? አስቀመጥኩት። ሻይ አፈላሁ። ይቅመሳት አልኩ።

ሃምሳ ደቂቃ። ከዚያ እህቴ ትዝ አለችኝ። ምሳ የምታደርስለት በዚህ ሰዓት ነው። ደወልኩ። የሱም አይነሳ፣ የሷም አይነሳ።

ሐምሌ 17
በሕይወት አሉ። እነሱ ጋ ጠብታ አልወረደም ነበር አሉ፣ ፀሐይ ነበር። እሷን የጭነት መኪና ላይ ሰቅሎ እሱ ሊወጣ ሲል መኪናው በጎርፉ ተንሸራቶ ግድግዳው ላይ አጣበቀው። እግሩን ከጉልበት በታች ቆረጡት።

ሐምሌ 24
ሆስፒታል ሄድኩ። ሲያየኝ ሊነሳ ሞከረ። ወይዘሮ ጣሳ አላለኝም።

«እህቴ፣ ይቅር በይኝ» አለ። «ኔትወርክ ጠፍቶብሽ ነው እንጂ ትደውዪልን ነበር።»

«ዝናብ ሲሆን እዚያ ይጠፋል ብዬዋለሁ» አለች እህቴ፣ ትራሱን እያስተካከለች።

«አዎ፣ ጠፍቶ ነበር» አልኩ።

እሱን ስንቀው ኖሬ የሚናቀው እኔው ሆኜ አረፍኩ። ከቤቴ ገብቼ የዚያን ቀን ቅጽ አወጣሁት። የገዛ እጄ ጽሑፍ ነው። በረዶ፣ 6፡10። ስልክ፣ ይሠራል።