የቁንዝላዋ ጥቁር እንጨት

ሐሙስ
የአበባ ዛፍ እያስተማርሁ ነበር። ተማሪዎቼ በስልካቸው የጃፓን ቼሪ አሳዩኝ፤ ሮዝ ደመና ይመስላል። ዘመዱ እኛም ጋ አለ፣ ቁንዝላ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ጥቁር እንጨት ይባላል አልኋቸው። ከትምህርት በኋላ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ዘንድ ደወልሁ። ዛፏ ልትቆረጥ ነው አሉኝ። ሰው ለመድኃኒት እያለ ልጧን ልጦ ጨረሳት፤ የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ደርቃለች ብሎ ለዕቃ ቤት ማገር አስቧታል።

ዓርብ
ልቤ ሥራ ላይ አልነበረም፤ ነገ ቁንዝላ እሄዳለሁ። ለነገ፦ ሜትር፣ ቢላ፣ ለየኔታ ስኳር። ምን ብዬ እንደምከራከር ግን አላውቅም።

ቅዳሜ
መንገዱ አጥንት ይሰብራል። ግን አየኋት! ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፋትም። እንደ ቼሪዎቹ አትኳኳልም፤ አበባዋ ነጭ፣ ደቃቅ፣ ንቡ ግን ጫፏን ሞልቶታል። ቅጠሏን ሳሸው የኮክ ፍሬ ሲሰበር የሚሸተውን ሸተተኝ። ባንድ ጎኗ እስከ ሰው ቁመት ተልጣለች። በሌላው ጎን በቢላ ጫር አደረግሁ፤ ውስጡ አረንጓዴ፣ እርጥብ። የኔታ ዓይናቸው ደክሟል፤ በጣታቸው ዳሰሱት።

እሑድ
ከቅዳሴ በኋላ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አቶ ሙሉ፣ ወድቃ ሰው ብትገድል ማን ይጠየቃል አሉ። እውነት አላቸው። እኔ ስለ እርጥቡ ቅርፊት ልናገር ብዬ ተንተባተብሁ። የኔታ ስብሰባ ላይ ተናግረው አያውቁም፤ ዛሬ ግን በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሡ።
«እኔም ጎኔ ከተላጠ ቆየ። ማስተማር ግን አላቋረጥሁም።»
ሰው ሁሉ ሳቀ። እስከ ክረምት መውጫ ትቆይ፣ ለማገሩ ባሕር ዛፍ ይቆረጥ ተባለ። አቶ ሙሉ ፊታቸው አልተፈታም።

ሰኞ
ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ አደርሁ። ጠዋት ከግቢው ወዲያ የምሳር ድምፅ ሰማሁ። ነጠላዬን ጥዬ ሮጥሁ። አቶ ሙሉ ናቸው። የግራር እሾህ እየቆረጡ ነው።
«ካላጠርናት ነገም ይልጧታል። ያንን ጫፍ ያዢልኝ» አሉ።
ዙሪያዋን አጠርናት። መዳፌ ተቧጭሮ ብዕር መያዝ አቅቶኛል። ትድን እንደሆን አላውቅም። ዛሬ ግን ማንም አልነካትም።