ያልጻፍኩት ፈንክሽን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፤ ጁባ

ዛሬ ኮምፒውተሩ በማላውቀው ስም ከሰሰኝ። በክሊኒካችን አዲስ ዳታቤዝ ውስጥ ከካርድ ቁጥሮቹ ጎንና ጎን ያለውን ባዶ ቦታ ለማጥፋት «ትሪም» የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩ። መልሱ «ቁጥር የሚቀበል ቢትሪም የሚባል ፈንክሽን የለም» የሚል ሆነ። ቢትሪም የሚል ቃል ከእጄ አልወጣም።

ሳነብ ቆይቼ ነው የገባኝ። ትሪም የራሱ የተለየ አጻጻፍ ስላለው ዳታቤዙ ውስጥ ለውስጥ ቢትሪም ወደሚባል ተራ ፈንክሽን ይለውጠዋል። እሱ ደግሞ ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አይቀበልም። ለካ ዳታውን ስናዛውር የካርድ ቁጥሩን ከጽሑፍ ወደ ቁጥር ቀይረነዋል፤ ከፊት የነበሩት ዜሮዎች ሁሉ ጠፍተው 047 እና 47 አንድ ሆነዋል። የድሮውን ዳታ የያዘው ሰርቨር ደግሞ ተጠርጎ ለሌላ ሥራ ተሰጥቷል።

ይህን እያሰብኩ ጋምቤላ ያደገችው የካርድ ክፍሏ ኛኪም ገባች።

«ከረጃፍ መንደር አንድ ሴት የእህቷን ልጅ ይዛ መጥታለች። ካርዱ 047 ይላል። እዚህ ግን 47 ላይ የሁለት ልጆች ታሪክ ተደባልቋል። ፔኒሲሊን የማይስማማው የትኛው ነው?»

«ሴትየዋን ጠይቂያታ።»

«ጠየቅኳት። ‹አና ማ አሪፉ› አለችኝ። አታውቅም። እናትየው ስልክ የላትም።»

ሌላ የማደርገው ስላጣሁ፣ ዳታቤዙን ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ እንዲያነበው አዘዝኩት። ወዲያው ስህተቱ ጠፋ። ስክሪኑ ላይ 47 እና 47 ተደርድረው ወጡ።

ኛኪም ቀዩ የስህተት ጽሑፍ መጥፋቱን አየች። «ተስተካከለ!» ብላ ወደ ሴትየዋ ልትሮጥ ስትል እጇን ያዝኩ። ሁለቱን 47 በጣቴ አሳየኋት፤ ስህተቱ እንጂ ዜሮው አልተመለሰም።