በትሪው በእኔ በኩል

ጥቅምት 9፣ 2002 ዓ.ም.
እዚሁ ፍራንክፈርት ውስጥ ከሮደልሃይም ኖርድኤንድ ድረስ በባቡር፤ አንድ ሰው ሆኜ ሁለት ወንበር ይዤ። ከአመጋገብ አማካሪዋ ጋር ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ ነበረኝ። እሷ ምግብ የምታውቀው በፎቶ ብቻ ይመስለኛል። እኔ መቶ አርባ አንድ ኪሎ ነኝ። ክራንከንካሰው፣ የጤና መድን ድርጅቱ፣ ጨጓራዬን ለሚያጠብበው ቀለበት የሚከፍለው የምበላውን ስድስት ወር በግራም ከመዘገብኩ ነው። ዶክተሩ ደግሞ በዚህ ስኳር ኩላሊቴ እንደማይቆይ ነግሮኛል።
«ትናንት ማታ ስንት ግራም በሉ?»
«ከባለቤቴ ጋር ነው የበላሁት፤ ከአንድ ትሪ።»
«የእርስዎ ድርሻ የቱ ጋ ያበቃል?»
ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?... እጄ የደረሰበት ጋ!

ጥቅምት 11
ሚዛን ገዛሁ። ባለቤቴን አዳነችን፣ ከነገ ጀምሮ ለየብቻ እንበላለን አልኳት።
«ተጣላን እንዴ?»
«ካሰው ነው ያለው።»
«እንግዲያ ካሰውን አግባ!»

ጥቅምት 12
ሁለት ሰሃን አቀረበች። መዘንኩ። የኔ ዘጠኝ መቶ አስር ግራም፤ የሷ ሁለት መቶ ሰላሳ። ሥጋው ሁሉ የኔ ላይ።
«እኩል አካፍይ አላልኩም?»
«እንደ ሁልጊዜው ነው ያካፈልኩት።»
እንደ ሁልጊዜው?... ዳርምሽታት ምሕንድስና ተምሬ፣ በሰው ንድፍ ላይ የአንድ ሚሊሜትር ስህተት ስለቅም የኖርኩ ሰው... ሥጋው ወደኔ ሲገፋ አላየሁም።
«ለምን አልነገርሽኝም?»
«ስትበላ መች ቀና ትላለህ?»

ኅዳር 28
አማካሪዋ በሰንጠረዤ ተደሰተች። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ አመዘጋገብ አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ስለ አዳነች ሁለት መቶ ሰላሳ ግራም አልጠየቀችም። ቅጹ ስለኔ ነው።

ሚያዝያ 20
ቀለበቱ ተፈቀደ። ደብዳቤው አራት ገጽ፤ ሦስቱ ማስጠንቀቂያ።

ግንቦት 16
ቀለበቱ ገባ። አዳነች ሆስፒታል መጥታ ሾርባዬን አየችው።
«እጅህን ለመሰብሰብ ሆድህን ማስቀደድ ነበረብህ?»
ስስቅ ቁስሉ አመመኝ።

ሐምሌ 18
መቶ አስራ ስምንት ኪሎ። ስኳሬ ወርዷል። ወደ አንድ ትሪ ተመለስን። ቶሎ ከዋጥኩ ደረቴ ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ በትንንሹ፣ ሠላሳ ጊዜ እያኘክሁ። አዳነች እንደ ልማዷ ቅልጥሙን ወደኔ ገፋች። መለስኩላት። ገፋች። መለስኩ።
«በቃኝ አልኩሽ እኮ!»
አነሳችው። መታ መታ አድርጋ መቅኔውን መጠጠች፤ ዓይኗን ጨፍና። እኔ ገና አስራ አራተኛው ላይ ነኝ...
ቅልጥም ትወጃለሽ እንዴ? ብዬ ልጠይቃት ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት በልቼ... አፈርኩ። ማኘኬን ቀጠልኩ።